ሙሽራዋ የሰጠችው ግጥም

አከራዬ ሥራዬ ዘፈን መስማት ይመስላቸዋል። አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ጠዋት ጠዋት ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ባዩኝ ቁጥር፣ “ታድለሽ፤ እኛ በምስር ለቀማ ዓይናችን ጠፋ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ በዘፈን ትበያለሽ” ይሉኛል። አንድ ሁለት ጊዜ ላስረዳቸው ሞክሬ ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዘፈን በኢንተርኔት በተደመጠ ቁጥር ለዘፋኙም፣ ለገጣሚውም፣ ለዜማው ባለቤትም ሽራፊ ሳንቲም የምታህል ድርሻ ትታሰባለች፤ ሮያሊቲ ይሏታል። የድርሻው መግለጫ ሲመጣ ግን እንደ ጤፍ የደቀቀ የቁጥር ክምር ነው፣ ማንም ዘፋኝ አንብቦ አይጨርሰውም። አዲስ አበባ ያለች የኮሌጅ ጓደኛዬ አነስተኛ ቢሮ ከፍታ ያንን መግለጫ በኮምፒውተር ፕሮግራም ታስነብባለች። ፕሮግራሙ የተደመጠውን ከተከፈለው ጋር ያስተያይና ተደምጦ ባለቤት ያጣውን መስመር ቀይ አድርጎ ያወጣዋል። ቀዩን እያዳመጡ የማን እንደሆነ ማፈላለግ የእኔ ፋንታ ነው። ፕሮግራሙ ቁጥር ላይ አንበሳ ነው፤ የጋይንቱን አዝማሪ ከስማዳው ለይ ቢሉት ግን አያውቅም።

ሥራውን የወደድኩት ሰው ስለሌለበት ነው። ባሌ ለሥራ ብሎ ባሕር ዳር ወርዶ እዚያው ሌላ ቤት ከመሠረተ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያየኝ አንገቱን ዘንበል እያደረገ “እንዴት ነሽ?” ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን ዘንበል ማለት አልወዳትም። ከገጠሩ ቤታችን ወጥቼ ከተማ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ ማዳመጫዬን ደፋሁ። ለአንድ ሰው የሚሆን ቲማቲም ስገዛ ሻጯ ሁልጊዜ “ይኸው ብቻ?” ትለኛለች፤ ይኸው ብቻ ነው እላታለሁ። በፋሲካ አከራዬ ዶሮ ወጥ በሳህን ከድነው ልከውልኝ፣ ሳህኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳልከፍተው ብዙ ቆየሁ። አብሮ የሚቆርስ ከሌለ ዶሮ ራሱ ያስለቅሳል። ይህን ስናገር ማንም እንዲያዝንልኝ ፈልጌ አይደለም፤ እንዲያውም ቢተወኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ታዲያ ፕሮግራሙ ስሸሸው የኖርኩትን ዘፈን ቀይ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠው።

ዘፈኑን የማያውቅ የለም። ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሲከፈት ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ያዜማል፣ እኔ በመስኮት የሰው ገብስ ማሳ አያለሁ። አንድ ሸምገል ያለ የስማዳ አዝማሪ በማሲንቆ የሚጫወተው ነው። አንድ አሳታሚ አዲስ አበባ ወስዶ አስቀርጾት፣ የዕለት አበሉን ሰጥቶ መልሶታል። መዝገቡ ላይ ዜማው “የሕዝብ”፣ ግጥሙ “ያልታወቀ” ተብሎ ሰፍሯል። ባለቤቱ ስላልታወቀም ያ ሁሉ አድማጭ ያመጣው ድርሻ ለማንም ሳይከፈል ታግዷል። ሰው የሚወደው ግን አንድ ግጥሙን ነው፦

የእናቴን ደጅ ዘጋሁ ያንተን ደጃፍ አምኜ፣
ብትዘጋው እንግዲህ የት ልደር ለምኜ።

ይህን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በመልሴ ዕለት ነው። ሠርጉ አልፎ፣ ወላጆቼ እኔንና ባሌን ለመልስ ጠርተውን፣ ኢስቴ በአባቴ ግቢ ዳስ ውስጥ ተቀምጠናል። አዝማሪው ከስማዳ ተጠርቶ መጥቷል። እንደ አገራችን ደንብ አዝማሪ ሲጫወት እንግዳው “ተቀበል!” እያለ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ በማሲንቆው ያወጣዋል። ሙሽራ ግን አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ ግጥም አትሰጥም፤ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ፈርቼ ነበር። ገና በቅጡ ከማላውቀው ሰው ጋር ወዳልለመድኩት ቤት ልመለስ ነው፤ ለባሌ ልናገር የምፈልገው ነገር ነበረኝ፣ ፊት ለፊት ለመናገር ግን አፍ አልነበረኝም። ወደ ሚዜዬ ጆሮ ተጠግቼ ግጥሙን ሹክ አልኳት። እሷ ተነስታ “ተቀበል!” አለች፣ አዝማሪው ተቀበለ። ዳሱ ሁሉ ሳቀ። ባሌም አጠገቤ ሆኖ ሳቀ፤ ተነስቶ ብር አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። እኔ ይኸን እንደ መልስ ቆጠርኩት፤ ሰምቶኛል አልኩ። በኋላ ትቶኝ ሲሄድ ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝም ይኸው ነበር። ነግሬዋለሁ እኮ፣ አገር በተሰበሰበበት ነግሬዋለሁ፣ ሰምቶ ብር ለጥፎበታል፣ ከዚያ ደጁን ዘጋው።

ሚዜዬ ዐረብ አገር ሄዳለች። ስለዚህ የግጥሙ ነገር በእኔና በባሌ መካከል የቀረ ነው ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው እያልኩ ኖርኩ።

ለጓደኛዬ ደወልኩላትና አዝማሪውን እንደማውቀው ብቻ ነገርኳት። እሷም፣ “እንግዲያ ሄደሽ አግኚው። ግጥሙ የማን እንደሆነ በትክክል ካልተመዘገበ የእሱም ድርሻ አይለቀቅም። የእኔ ነው ካለ ደግሞ ጨረስን” አለችኝ። እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። የእኔ ነው ይበልና ያቺን ግጥም ከነሸክሟ ይውሰድልኝ።

አዝማሪው ዓርብ ዓርብ አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ እንደሚወጣ ሰው ነገረኝ። መንገዱ ሰላም የሆነበትን ሳምንት ጠብቄ፣ በደብረ ታቦር ዞሬ፣ ንፋስ መውጫ አድሬ፣ በገበያው ቀን ደረስኩ። ገበሬው አህያውን እየነዳ ይገባል፣ ባቄላና ስንዴ ይሰፈራል፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይነጋገራል። እኔ የማናግረው ፍለጋ ከጠላ ቤት ጠላ ቤት ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ የግራ እጃቸው ጣቶች ደርቀው የማሲንቆውን ጭራ እንደ ድሮው አይከተሉትም። አንድ ዙር ተጫውተው ሲያርፉ ጠጋ ብዬ የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

“የዛን ለቷ ሙሽራ!” አሉ፤ ተነሥተው ሊስሙኝ ፈለጉ። “አባትሽ ጠግቤ እስክወድቅ ነው ያበሉኝ። ባልሽ ደኅና ነው?”

“ትቶኝ ሄዷል አባባ።”

ጠላውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉ። ከዚያ፣ “አይ፣ እንዲያ ነው ለካ” ብቻ አሉ። አንገታቸውን ዘንበል አላደረጉም፤ ወደድኳቸው።

ስለ ድርሻቸው ነገርኳቸው። ኢንተርኔቱን፣ መግለጫውን፣ ፕሮግራሙን ሁሉ በተቻለኝ አብራራሁ። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ “ላም አለኝ በሰማይ ነው እምትይኝ” አሉ። የለም፣ ወተቷም አለ፣ የሚጎድለው እርስዎ ግጥሙ የእኔ ነው ብለው መፈረም ነው አልኳቸው።

“ዜማው የአያቴ የአባቴ ነው፣ እፈርማለሁ። የቀሩትንም ግጥሞች ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፣ እፈርማለሁ። የደጃፉን ግን አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።”

“ሚዜዬ ናት የሰጠችዎት።”

“ኧረ ተይኝ የኔ ልጅ። አዝማሪ ዓይኑ ግጥሙ ከሚመጣበት ላይ ነው። ጆሮዋ ላይ ስትደፊ ከንፈርሽን እያየሁ ነበር።”

ማንም አይጠይቅዎትም፣ እኔም አልናገርም አልኳቸው። ቤትዎ ያፈስ የለም ወይ፣ ክረምቱ መጣ አልኳቸው፤ ማፍሰሱን አስቀድመው ራሳቸው ነግረውኝ ነበር። ሳቅ አሉና ማሲንቋቸውን ወደ ጭናቸው ሳብ አደረጉ።

“ያፈሳል። እኔ ግን ተቀባይ ነኝ። የሰው ግጥም የኔ ነው ካልኩ ነገ ማን ይሰጠኛል? ይህችን በየደረስኩበት ስጫወት ‘አንዲት ሙሽራ ሰጥታኝ ነው’ ብዬ ነው እምጀምር፤ ስምሽን አልጠራም እንጂ። ያ ያስቀረጸኝ ሰውዬ መግቢያዋን ቆረጠብኝ።” ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አንቺ ካፈርሽባት ይቅር። ይፍሰስ ቤቱ። ግን የኔ ናት አልልም” አሉኝ።

ተናደድኩባቸው። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ሁሉ ተናደድኩባቸው። ግጥሟ የእኔ ናት ብዬ መፈረሙን እንቢ ብል የሽማግሌ ጣራ ሊያፈስ ነው፤ እሺ ብል ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር ገጣሚ ተብሎ ስሜ ከሥሩ ሊታይ ነው። ኢስቴ ሙሉ ያያል። ደጃፍ አምና ደጃፍ ያጣችው ይቺ ናት ለካ ሊባል ነው። ባሌም ያያል። ይኼን ሁሉ ዘመን የሰው ዘፈን ባለቤት ሳፈላልግ፣ የእኔው ባለቤት አጥቶ መቀመጡ ደንቆኝም አያውቅ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እንዲህ ያለችዋን ነው።

ሳምንት ያህል አኮረፍኩ፤ የሚያባብለኝ ስላልነበረ ራሴው ተመለስኩ። የፈረምኩት ቸር ስለሆንኩ አይደለም። ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው ሰውየው ትዝ እያሉኝ ሥራ አልሠራ ብዬ ነው። ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፣ እሱን ለጓደኛዬም አልነገርኳትም። ባሌ ስሜን አይቶ እንዲደውል ፈልጌ ነበር። ይደውልና ላዋርደው፣ ወይ ይደውልና ይቅርታ ይበለኝ፣ የትኛውን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። ብቻ ይደውል።

ስሜ ወጣ። የአዝማሪው ድርሻ ተለቀቀ፤ መስከረም ላይ ጣራቸውን እንዳስመቱ በሰው ስልክ ደውለው መረቁኝ። ኢስቴ ደግሞ ጉድ ትላለች ያልኳት፣ ምንም አላለችም። ሰው የየራሱ ጣጣ አለበት። አከራዬ ብቻ ልጃቸው በስልክ አሳይታቸው፣ “ለካስ ዘፋኝ ኖረሻል” ብለው ለጎረቤት አስወሩልኝ። ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር።

አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ ጠራ። የባሌን ቁጥር አጥፍቼው ነበር፣ ዓይኔ ግን አልረሳውም።

“እንዴት ነሽ?” አለ። ደኅና ነኝ አልኩ። ዘፈኑን ልጆች ሲከፍቱት ስሜን እንዳየ ነገረኝ።

“ያ ግጥም ካንቺ ነበር እንዴ?”

“ከኔ ነበር።”

“እኔ እኮ የሚዜሽ መስሎኝ ነው። ነገረኛ ናት ብዬ ሳቅኩኝ፣ ብርም ለጠፍኩለት። አላወቅኩም ነበር። ምነው ለኔ ብትነግሪኝ?”

በእሱ በኩል ሕፃን ያለቅሳል፣ አንዲት ሴት ምሳ ቀርቧል ትላለች። ላዋርደው ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ አንዱንም አላወጣሁትም። “ሂድ ብላ፣ ይቀዘቅዛል” አልኩት። ደኅና ሁኚ ብሎ ዘጋ።

ሰምቶ ነው የተወኝ ብዬ ነው እነዚያን ዓመታት ሁሉ የኖርኩት። ስበላም ስሠራም አብሮኝ የተቀመጠው በእሱ ላይ ያለኝ ንዴት ነበር፤ ከማንም ይልቅ ከእሱ ጋር ነበር የማወራው። ያን ቀን ስልኩን አስቀምጬ በለመድኩት ልናደድ ብሞክር እንቢ አለኝ። ቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሆንኩ።