ያልነከሰው ዳዶ

ፋብሪካው ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሟ «እታለም» ስለሚላት ሁሉም እታለም ይላታል፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሽማግሌው ዘበኛ እንኳ ሳይቀሩ። ሥራዋ ፕሬስ ላይ ነበር። ፋብሪካው ከስስ ላሜራ የመብራት ቆጣሪ ሳጥን ይሠራል። ስስ ላሜራ ደግሞ ቡሎን አይዝም፤ ጥርስ ቢያወጡለትም ገና ጠበቅ ሲያደርጉት ይበላል። ስለዚህ በየቀዳዳው ትንሽ ክብ ዳዶ በፕሬስ ይገባል። የዳዶው አንገት ዙሪያውን ጥርሳም ነው፤ ፕሬሱ ሲጫነው ላሜራውን ነክሶ እዚያው ይቀራል። ሠራተኛው «ነካሽ» ይለዋል። ከጎኗ የሚሠራው ላሜራ ቆራጭ፣ «ነካሽ ማለት ሊጠይቅ የመጣ አማች ነው፤ አንዴ ከገባ በፖሊስም አይወጣ» እያለ ያስቃት ነበር።

ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ ይል ነበር። አዝላው ውሃ ቀዳች፣ አዝላው ልብስ አጠበች፤ ሊያገባት የመጣውንም ሰው «ልጁን ለዘመድ ስጪው» ስላላት መለሰችው። ሲያድግ ፋብሪካው ውስጥ አስገባችው። እሱም ጎበዝ ወጣውና ፈታሽ ሆነ፤ ሳጥኖቹ ሳይጫኑ በፊት በየዳዶው ቡሎን እያስገባ አጥብቆ የሚያየው እሱ ነው።

ዓይኗ መድከም የጀመረው ከዳር ነው። የበሩን መቃን በትከሻዋ ትገጨዋለች፣ አጠገቧ የቆመን ሰው ትረግጣለች። «ምነው እታለም፣ ግድግዳው ምን በደለሽ?» ብለው ይስቃሉ፤ አብራ ትስቃለች። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። የዓይን ግፊት ነው አላት። «የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን፤ የሄደውን ግን አንመልሰውም።»

ለወንድሟ ብቻ ነገረችው።

«ለፎርማኑ እንንገረው?» አላት።

«ነግረነውስ? ማየት የማትችል ሴት ፕሬስ ላይ ማን ያስቀምጣል? ሌላ ሥራ አልችል።»

«እሺ በቃ። እኔ አለሁልሽ።»

አላበለም። ጠዋት ጠዋት ቀድሞ እየገባ የዳዶ መያዣ ቆርቆሮዎቿን ይለይላታል፤ የተገለበጠ ካስገባች ማንም ሳያይ አውጥቶ ይተካዋል። እሷም በጣቷ መሥራት ለመደች፤ ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳብሳ በቀዳዳው ላይ ታስቀምጣለች።

ከዚያ ከሌላው ጊዜ የሳሳ ላሜራ የሚፈልግ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ለእሱ የሚሆነው ዳዶ አንገቱ አጠር ያለ ነው፤ ልዩነቱ ግን በደህና ዓይንም በጭንቅ ነው የሚታየው። አንገቱ ከረዘመ ቀድሞ ከሥር ያለውን ብረት ይነካና ጥርሱ ላሜራው ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ወንድሟ ወደ ሌላ መጋዘን ተልኮ በዋለበት ዕለት፣ ያለቀባትን ቆርቆሮ ራሷ ሄዳ ሞላች። ከረጅሙ ነበር የሞላችው።

ሲመለስ ሳጥኖቹ ተደርድረው መኪናው በር ላይ ቆሟል። አንዱን ሞከረ፤ ዳዶው ከቡሎኑ ጋር አብሮ ዞረ። ሌላውን ሞከረ፤ ያም ዞረ። ሳጥኖቹን ቢይዛቸው «ማን ሠራው?» መባሉ አይቀርም፤ መልሱ ደግሞ አንድ ነው። አሳለፋቸው።

ሳጥኖቹ ተመልሰው መጡ። የሳጥኑ በር አይጠብቅም፤ ዳዶው እየተነቀለ ሽቦው ላይ ይወድቃል። ደንበኛው ውሉን አፈረሰ። ፎርማኑ ሠራተኛውን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ይህን ያሳለፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ወንድሟ።

«ያስገባውስ?»

«ጠዋት መጋዘን ሳልሄድ ቆርቆሮውን የሞላሁት እኔ ነኝ። እሷ የሰጠኋትን ነው ያስገባችው።»

እታለም አፏን ከፈተች። በቀረላት ጠባብ እይታ ውስጥ የሚታያት የእሱ ፊት ብቻ ነበር። ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ተይ ማለቱ ነው። አፏን መልሳ ዘጋች።

የዚያኑ ቀን ተባረረ። «ሆን ብሎ ያበላሸ» የሚል ወሬ እሱ ሥራ ሊጠይቅ ከሚሄድበት ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ያጫት ልጅ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው ነገሩን አፈረሱ። ገበያ ውስጥ ጭነት መሸከም ጀመረ፤ ከዚያ መጠጥ። ቤት ሲገባ ያበስላል፣ ያቀርብላታል፤ ወሬ ግን የለም።

እሷ ፕሬሱ ላይ ጥቂት ቆየች። አንድ ቀን ዳዶውን ስታስተካክል ፕሬሱ ጣቷን ያዘው። እጇ ተጠቅልሎ ከሐኪም ቤት ስትመለስ በቀጥታ ፎርማኑ ቢሮ ገባች።

«የዚያን ጊዜ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም። ልጁን መልሱት።»

ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«እታለም፣ ቦታው ከተያዘ ቆየኮ። አሁን ብትነግሪኝ ለማን ይጠቅማል?»

«ለእሱ።»

«ለእሱማ ያኔ ነበር» አላት።

በዘበኛው ተመርታ ቤቷ ገባች። ወንድሟ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሆነውን ነገረችው።

«እኔ የጣልኩትን ስም አንቺ ልታነሺው ሄድሽ?» ድምፁ አልጮኸም። «የማይሆን ነገር።»

«ዝም በይ አልከኝ እኮ፣ ወንድም ዓለም።»

«አልኩሽ። ብትናገሪም ዝም አስብልሽ ነበር። ግን አንዲት ቃል ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ምድርም አልተከፈተች።

አሁን ጨርሶ አታይም። በአንድ ክፍል ይኖራሉ። ማንኪያውን እጇ ላይ ያስይዛታል፣ መጸዳጃ ቤት ያደርሳታል፣ ፀሐይ ሲኖር ደጅ ያስቀምጣታል። የሚያናግራት «ተነሺ»፣ «ደረጃ አለ»፣ «ትኩስ ነው» ለማለት ያህል ነው። አንዳንድ ቀን ስለ ልጅነቱ ልታወራው ትጀምርና እሱ ከክፍሉ መውጣቱን የምታውቀው መልስ ስታጣ ነው። ጎረቤቶች «እንዲህ ያለ ወንድም ለማን ተሰጠ!» ይሏታል። «እውነታችሁን ነው» ትላለች፤ ከዚያም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።