በፀሐይ ሳጥን የሻገተ በርበሬ

ይቺን ስሙኝማ። ትምህርቱን አስረኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፣ ስለዚህ አማርኛዬ ከመንገድ የለቀምኩት ነው፤ ካልጣማችሁ ጆሯችሁን ያዙ። ይሄን ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው ስንት ዓመት ዞርኩ፣ እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ልደታ ነው ያደግኩት፣ ጌጃ ሰፈር፣ አንዱ ቆርቆሮ ሌላውን ደግፎ የቆመበት ግቢ ውስጥ። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ የቀረው ሰው ነው። እናቴ ባለሙያ ነበረች። ከተክለ ሃይማኖት እስከ ጠመንጃ ያዥ ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ ድንኳን ያስባል፣ ቀጥሎ እማዬን ያስባል። የድግሱን በርበሬ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ዛላውን ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ታስወቅጣለች፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ትደልዘዋለች፣ አፍና ታሳድረዋለች፣ ከዚያ ድልዙን እንደገና ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ቅመሙ ገብቶ ወፍጮ ቤት እስኪደርስ ዓይኗን ከሱ ላይ አታነሳም። ድግስ ላይ ሰው ወጡን ቀምሶ "ይሄ የማን እጅ ነው?" ሲል የሚጠራው የእሷ ስም ነው። ሌላ ንብረት አልነበራትም። ቤቱ የቀበሌ፣ ግቢው የጋራ፣ ስሙ ብቻ የራሷ።

ስጥ ያለበት ግቢ ደግሞ ሕግ አለው። ሰማዩን ቀድሞ ያየ ሰው "ዝናብ!" ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ የማን በርበሬ ነው፣ የማን ብቅል ነው፣ የማን አንሶላ ነው የሚባል ነገር የለም፣ ያለ ሰው ሁሉ ይሮጣል። እማዬና ጎን ያለችው ጎረቤታችን አንድ ሰሞን በልጅ ጠብ ተኳርፈው እግዜር ይማርሽ እንኳን አይባባሉም ነበር። ዝናብ ሲባል ግን ሰሌኑን በሁለት ጫፍ ይዘው እኩል ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ። በርበሬውን ካስገቡ በኋላ ኩርፊያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ታዲያ ይሄ ሩጫ ድሮ ጊዜ ነበረው። በልግ ላይ ትሮጣለህ፣ መስከረም ላይ ትሮጣለህ። ኅዳር ጽዮን ካለፈች በኋላ ግን ሰማይ የታመነ ነው። "ጽዮን ካለፈች ስጥ ውጭ ቢያድርም ምንም አይለው" ትላለች እማዬ። ታኅሣሥ ማለት ጠዋት ጥርስ የሚያፋጭ ብርድ፣ ቀን ደግሞ ዓይን የሚወጋ ፀሐይ ነው። ሌላ ታኅሣሥ አናውቅም ነበር።

ከዚያ ሰማዩ አመሉን ቀየረ። ሐምሌ አቧራ ያስነሳል፣ ጥቅምት በረዶ ይጥላል። ሰፈሩ ደግሞ ያለ ምክንያት አያድርም። አዛውንቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የኃጢአታችን ነው ይላሉ። ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ ይሄ ሁሉ ፎቅ ደመናውን እየጎተተው ነው ይላል። አንዱ ጀለሴ ፈረንጅ በአውሮፕላን የሚረጨው ነገር አለ ብሎ ድርቅ አለ፤ ማን ነገረህ ሲሉት "ጎግል" ይላል፣ ስልኩ ግን ባለ ቁልፍ ነው። እኔ ማንንም አላመንኩም። እውነቱን ለመናገር ግድም አልሰጠኝም። ዝናብ ቢዘንብ ባይዘንብ ሥራ ፈት ሥራ ፈት ነው።

በዚያው ሰሞን ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተተከለ። የእኛ ግቢ "ለጊዜው" ተብሎ ተረፈ። ከበራችን ማዶ ፎቅ ቆመ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ጥላውን አምጥቶ በራችን ላይ ያስተኛዋል። ከቧንቧው ወዲያ ያለው ግማሽ ግቢ ፀሐይ አለው፣ በበሩ በኩል ያለው ከሰዓት በኋላ ጓዳ ማለት ነው።

ከዚያ ፕሮጀክት መጣ። አረንጓዴ ኢነርጂ ነው ተባለ። ሥራ የሌለን ወጣቶች ተመዝግበን አዳራሽ ውስጥ አጭር ስልጠና ተሰጠን። አስተባባሪው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፣ በጫማ ግን በጣም ይበልጠኛል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያወራ ያሳምናል፤ እኔ እንኳን ያ የሐምሌ አቧራ ትዝ አለኝና፣ ይሄ ልጅ እውነቱን ነው አልኩ። ስለ ፀሐይ ኃይል ሲቀጥል እጄን አወጣሁና "ደመና ሲሆንስ?" አልኩት።

"ወንድሜ" አለኝ እየሳቀ፣ "እኛ'ኮ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ነን።"

አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ፋራ መባል ማን ይወዳል።

አረንጓዴ ካናቴራና ኮፍያ ሰጡን። እማዬ ካናቴራውን አጥባ በካውያ ተኮሰችው። ደረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አትችልም፣ ግን ጽሑፉ ላይ ካውያው እንዳያርፍ ጨርቅ ጣል አድርጋ ነው የምትተኩሰው። ልጇ ሥራ ያዘ በቃ። ስወጣ እስከ በር ትሸኘኛለች፤ ድሮ ስወጣ ምን እንደምትለኝ አልነግራችሁም።

ፕሮጀክቱ ለባልትና ሴቶች ማድረቂያ ያድላል። ማድረቂያው ረጅም የእንጨት ሳጥን ነው፣ ላዩ መስታወት፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ መሀሉ ላይ የወንፊት መደርደሪያ። ፀሐይ መስታወቱን አልፋ ትገባለች፣ ሙቀቱ ውስጥ ይታፈናል፣ በርበሬው ይደርቃል። ነገሩ ሐሰት አይደለም። ስልጠናው ላይ ጠራራ ፀሐይ መሀል ሲያደርቅ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ሳጥን ለእኛ ግቢ አመጡ፣ በእኔ ምክንያት። አራት ሰው ተሸክሞ አስገባውና ልክ በበሩ ጎን አስቀመጠው።

እዚህ ጋ'ኮ ከሰዓት ጥላ ነው፣ ወደ ቧንቧው እንውሰደው አልኩ። አስተባባሪው ወደ መንገዱ አየ፣ ወደ ሳጥኑ አየ። ሳጥኑ ላይ የፕሮጀክቱ ታፔላ ተቸንክሯል። ወደ ውስጥ ከገባ ታፔላው ከመንገድ አይታይም አለኝ። እኔ አፌን ስከፍት እማዬ ከኋላ ካናቴራዬን ጎተተችኝ። እንግዳ ነው፣ ስጦታ ይዞ ነው የመጣው፣ ስጦታን እዚህ አድርገው እዚያ አድርገው አይባልም። ለእሱ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ እጅ ነሳችው፣ በልጇ ዕድሜ ላለ ሰው።

ያን ጊዜ ትልቅ ትእዛዝ ይዛ ነበር። ጠመንጃ ያዥ የምትኖር ወሎዬ ሴትዮ፣ ጎበዝ ነጋዴ፣ አንዲት ልጇን ጥር ላይ ልትድር ነው። ዛላውን ራሷ መርካቶ ወርዳ አንድ በአንድ መርጣ፣ በማዳበሪያ አስጭና አመጣችው። "አደራ እህቴ፣ ሁለት ልጅ የለኝም" አለቻት። እማዬም ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ደልዛ፣ ለመጨረሻው ፀሐይ ሲደርስ ሰሌኑን ትታ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። እኔ ክተቺው አላልኳትም። ማለት አያስፈልግም ነበር፣ ካናቴራዬን ታየዋለች'ኮ።

ጽዮን ካለፈች ቆይታለች። ከቀትር በኋላ ከግቢው ጥግ አንዱ "ዝናብ!" ብሎ ጮኸ። ታኅሣሥ ላይ። መጀመሪያ ሰው የቀለደ መስሎት ሳቀ፣ ከዚያ ጠብታው ቆርቆሮውን መታው። ሁሉም ወጣ፣ ሰሌን ተጠቀለለ፣ አንሶላ ተሰበሰበ። ወደ ሳጥኑ ግን ማንም አልሮጠም። ምን ያሮጠዋል? ክዳን አለው፣ መስታወት አለው። እማዬ ራሷ በር ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ "የእኔን ተዉት፣ እሱ ዘመናዊ ነው" አለች። በሕይወቷ እንደዚያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም።

ዝናቡ አልሄደም። ሲያቆም ይደምናል፣ ደመናው ሲገለጥ ፎቁ ጥላውን ይዞ ይደርሳል። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ። ጎረቤቶቹ በርበሬያቸውን አልጋ ላይ፣ ሳንዱቅ ላይ፣ ከሰል ምድጃ ዙሪያ በተን በተን አድርገው፣ እያስነጠሱም ቢሆን አተረፉት። የእኛ ሳጥን መስታወቱ ከውስጥ በኩል አላበው። እማዬ ጠዋት ጠዋት በመዳፏ ትጠርገዋለች፣ ግን ላቡ ከውስጥ ነው። ስንከፍተው ሽታው ቀድሞን ወጣ። ድልዙ ነጭ ጸጉር አብቅሏል።

እማዬ አልጮኸችም። እጇን ከተተች፣ አወጣች፣ አሸተተች፣ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። "ሂድና ንገራቸው" አለችኝ።

ሄድኩ። አስተባባሪው ሰማኝ፤ እንዲያውም አዘነ። ነገ ግን እንግዶች ይመጣሉ፣ ካሜራም አለ፣ እነሱ ይሂዱና እናስተካክለዋለን አለ። በማግስቱ ቀደም ብሎ መጣና ሳጥኑን ከፈተ፣ አፍንጫውን ያዘ፣ ዘጋ። ከዚያ አንዱን ልጅ ሱቅ ልኮ ደረቅ ዛላ በርበሬ አስመጣና በሻገተው ላይ አለበሰው። በስሱ፣ ልክ ሬሳ እንደሚለብስ። እማዬ ቆማ ታያለች። እኔም ቆሜ አያለሁ፣ አረንጓዴ ለብሼ።

እንግዶቹ በትልቅ ፒካፕ መጡ። ስለ ንጹሕ አየር ሊያወሩ መጥተው መኪናውን ሳያጠፉት በራችን ላይ አቆሙት፤ ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ ሕፃናቱ ሳሉ። ከእንግዶቹ አንዱ እማዬን ሳጥኑ ጎን አቆማትና "እማማ፣ ሁለት ቃል ይበቃል" አላት።

እናቴ በበርበሬ ዋሽታ አታውቅም። በዕድሜዋ ትዋሻለች፣ ጉልበቷን ሲያማት ደህና ነኝ ብላ ትዋሻለች፣ በበርበሬ ግን አትዋሽም። ሳጥኑን አየች፣ እንግዶቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ፊቴን አይደለም ያየችው፣ ካናቴራዬን ነው።

"እግዜር ይስጣቸው" አለች። "ፀሐይ ጠፍቶ እንኳን በርበሬዬ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ደረቀልኝ። ልጄም በነሱ ሥራ አገኘ።"

ካሜራ የያዘው ልጅ የመኪናው ድምፅ ገባብኝ፣ አንዴ ይድገሙልኝ አለ። ደገመችለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር፣ ፈገግታም ጨመረችበት። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር፤ ጫማዬ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጭቃ እስከ ዛሬ ልሥልላችሁ እችላለሁ። አንድ ቃል ብናገር ምን ይሆን ነበር? እሷን ሰው ፊት ውሸታም ማድረግ ነዋ። ዝም ማለቱም ያው እሷን ማዋረድ ነው። የትኛውንም መንገድ ብትሄድ መድረሻው አንድ ነው።

ለሙሽራዋ እናት ሄዳ ልትነግራት አስባ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ቀደማት። ሴትዮዋ መጣች፣ ከነሻርፕዋ፣ ከነደስታዋ። "እህቴ፣ የልጄ በርበሬ በቴሌቪዥን ወጣ አሉኝ" አለች ከበር ጀምራ። "እስቲ ልየው።"

እማዬ ጓዳ ወስዳ የሻገተውን የሞላችበትን ማዳበሪያ ፈታችላት።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ስትናገር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው፣ ብትጮህ በተሻለ ነበር። "ለነሱ ጥሩ ነው ብለሽ ለእኔ ሻጋታ ታሳይኛለሽ? ከእኔና ከነሱ ማነው እንግዳው?"

እማዬ ተነሳች። ለቤታችን የዓመት ብላ ያስቀመጠችውን በርበሬ፣ የራሷን እጅ፣ ከነማሰሮው አውጥታ አስታቀፈቻት። ሴትዮዋ አልወስድም አለች፣ በመጨረሻ ወሰደች፤ ሠርግ ነው፣ ምን ታድርግ። ለድግስ ግን አይበቃም፣ የጎደለውን ከሱቅ ሞሉት። ሠርጉ ላይ እማዬ አልተጠራችም። ያን ዓመት ቤታችን አልጫ ተበላ። ሽሮው እንኳን ነጭ ነበር። ማታ ማታ ሰሐኑ ሲቀርብ እሷም ታቀረቅራለች፣ እኔም አቀረቅራለሁ። 

ከዚያ የባሰው መጣ። ሳጥኖቹ በየግቢው ታደሉ፣ ታፔላቸው ወደ መንገድ። ሴቶቹ ሲጠራጠሩ የፕሮጀክቱ ሰዎች ያቺን የእናቴን ሁለት ቃል ያሳዩዋቸው ነበር፣ "ይኸው የጌጃ ሰፈሯ ባለሙያ መስክራለች" እያሉ። ሰማዩ እንደሁ አመሉን አልተወም፣ የነሱም ሻገተ። እማዬ ቧንቧ ላይ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ወሬ ይቆማል። ትእዛዝ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀረ። ካናቴራውን ልቀደው ስል ቀማችኝ፣ የሰው ስጦታ አይቀደድም ብላ። አጣጥፋ ሳንዱቅ ውስጥ ከተተችው።

እኔ እንግዲህ የተማርኩ አይደለሁም። ሰማዩ ተለውጧል ካላችሁኝ እሺ፣ ታኅሣሥን በዓይኔ አይቻለሁ። ፀሐይ ኃይል አላት ካላችሁኝም እሺ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ካስቀመጣችኋት። በዚህ አልጣላችሁም። ግን እናንተ ሳጥኑን ለታፔላው ብላችሁ ጥላ ውስጥ ያቆማችሁ፣ ሻጋታውን በሰው በርበሬ ሸፍናችሁ እናቴን "እማማ፣ ሁለት ቃል" ያላችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፤ ያን ዓመት እናንተ ቤትስ ወጡ ቀይ ነበር?