ሌባዋ ቀኝ እጅ

ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋችውን ሴት ሰፈሩ «መቀስ» ይላታል፤ ለሙያዋ ሳይሆን ለምላሷ። ስትሮክ ቀኝ እጇን ሲያሽመደምደው ምላሷን ግን አልነካውም። «ምነው በተገላቢጦሽ ቢሆን!» ትላለች ታላቅ እህቷ፣ ስትመርራት።

በምትታከምበት የማገገሚያ ማዕከል አንዲት ወጣት ሐኪም ጥናት ታካሂዳለች፤ ደካማ እጅን ይበልጥ የሚያነቃው ልምምድ ነው ወይስ ጨዋታ? በመጀመሪያው ቀን መቀስን ኩባያ አሥር ጊዜ አንሺ ቢሏት፣ «ባዶውን?» ብላ አኮረፈች። ደግነቱ ዕጣው የጨዋታው ቡድን ውስጥ ጣላት።

የቡድኑ ታካሚዎች ጠባብ ጠረጴዛ ከበው ኳስ ያንከባልላሉ፤ መሃል ላይ ለዒላማ የተቀመጠችውን ነጭ ኳስ ይበልጥ የተጠጋ ያሸንፋል። መቀስ በግራዋ ትጥላለች። ቀኟ፣ እንቅስቃሴ የሚቆጥር አምባር እንደታሰረበት፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተጣለ ጓንት ይጋደማል። ፊት ለፊቷ ግራ ጎኑ የሰነፈበት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ይቀመጣል። በሦስት ሳምንት አንዴም አላሸነፋትም።

«እኔ የምለው፣ ኳስሽ ከቆመች በኋላ ትሄዳለች እንዴ?»

«መነጽርህን ወልውል!»

ሐኪሟን ግን የአምባሩ ቁጥር አላምር አላት። የተጋደመ እጅ ይህን ያህል ይንቀሳቀሳል? አምባሩን ቀየረች፤ ያው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸውን ብታይ፣ ሁሉም የሹፌሩን ኳስ በዓይኑ ሲከተል የመቀስ የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ሹልክ ብላ ኳሷን ወደ ነጯ ትገፋለች።

አስጠራቻት። «ሊያባርሩሽ ነው፤ እግሯ ላይ ውደቂ» አለች እህቷ በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ በቀኝ እጅዎ ኳስ ገፍተዋል?»

«ሰው ይታዘብ! የሞተ እጅ ይሰርቃል?»

ሐኪሟ ስክሪኑን አዞረችላት። መቀስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ለሦስት ሳምንት ጣቷ የመንቃቷን የምሥራች አፍና የያዘችው፣ ብታወጣው ሌብነቷም አብሮ ስለሚወጣ ነበር። «እስቲ ምስሉን ድገሚልኝ» አለች። ሦስቴ አስደገመቻት። «ታምራለች አይደል፣ ጣቴ?»

ሐኪሟ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወንበር ያዘች። ሹፌሩ ሲሰማ «ያሸነፈችው ሁሉ ይሰረዝ!» ብሎ ጮኸ። ጥናቱ እንዳለቀ ሐኪሟ ታካሚዎቹ በመዝናኛ ሰዓት ለሚጫወቱት ጨዋታ ሕግ አወጣች፤ በደካማው እጅ መስረቅ ይቻላል፣ በደህናው የሰረቀ ይወጣል። በወሩ የሹፌሩም ግራ እጅ ኪስ አውላቂ ሆኖ አረፈው።

በዓመቱ መቀስ በዚሁ የኳስ ጨዋታ ለአካል ጉዳተኞች ስፖርት ውድድር ቀርባ ሦስተኛ ወጣች። ዳኛው ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋታል።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ ልጄ» አለችው።