በሰማያዊ ድድ የቆምሁበት ሽምግልና

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁ፣ ሬዲዮ መጠገንንም ራሴን ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ሽምግልና ሲላክም ተናጋሪው እኔ ነኝ። ሲጋራዬን ግን ከሱቄ ጓሮ ተደብቄ ነበር የማጨሰው። በእኛ አገር ትንባሆ ለሚያጨስ ሽማግሌ ሙሽራ ይቅርና ጥጃም አይሰጡትም።

ለታናሹ ልጄ ዳባት ከተማ ሚስት ልንጠይቅለት ቀጠሮ በያዝን ሰሞን ድዴ ይደማ ጀመር። ዳቦ ስገምጥ ደሜ ይታተምበታል። በዚህ አፍ እንዴት ደጅ እቆማለሁ ብዬ በቀጠሮው ዕለት ማለዳ ጎንደር ወረድሁ። የጥርስ ሐኪሟ የጥርሶቼን ሥር ጠራርጋ የማጨስ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የሚሰማን ሰው ስላልነበረ አመንሁ። የአጫሽ ድድ ቶሎ ስለማይድን በጽዳቱ ላይ ብርሃን እንደምትጨምር ነገረችኝ። ሰማያዊ ቀለም ድዴ ውስጥ ጨመረች፤ ቀይ ብርሃን አበራችበት፤ ሁለቱ ተገናኝተው ድድ የሚያደሙትን ተህዋሲያን ይገድላሉ። ሲጋራውን ካልተውሁ ግን ብርሃኑ ብቻውን እንደማያድነኝ አስጠነቀቀችኝ። እኔ ስለ አምፖል አሠራር ሳስተምራት ቆየሁና፣ አፌን ሳልጉመጠመጥ፣ ቀለሙ ድዴ ላይ እንዳለ ወደ ሚኒባሱ ሮጥሁ።

አብረውኝ ለሽምግልና የተላኩት ባልንጀሮቼ ዳባት ከልጅቱ ቤት ደጅ ጠበቁኝ። ገብተን ቆምን። ንግግሬን ስጀምር ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። የልጅቱ አክስት ብቅ አሉና፣

«ጌታው፣ ድድዎን የተነቀሱት ለልጅዎ ሰርግ ነው ወይስ ለራስዎ?» አሉኝ።

በእኛ ዘንድ ድዷን የምትነቀስ ኮረዳ ናት፤ ጎረምሳ እንኳ አይሞክረውም። ባልንጀሮቼ መሬት መሬት ያያሉ። እውነቱን ብናገር ልጄ ልጅቱን ሊያጣ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ እንደ ኮረዳ የተኳለ ሽማግሌ ልሆን ነው።

«የሲጋራ መዘዝ ነው፤ መድኃኒቱ ነው እንዲህ ያደረገኝ» አልሁ።

የልጅቱ አባት ፍርዳቸውን ሰጡ።

«እንግዲያው ሲተዉት ይምጡ። ልጅቱም ትቆያለች፣ የድድዎም ቀለም ይልቀቅ።»

እስከ ደባርቅ ድረስ አፌን በጋቢዬ ሸፍኜ ተጓዝሁ።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁት ይህ ነው፦ ሲጋራ ተውሁ። ሐኪሟ ዘንድ ተመላለስሁ፤ ሁልጊዜም ተጉመጥምጬ ወጣሁ። የፊት ጥርሶቼን አንድ ሳላጎድል አተረፍሁ። ያን ደጅ ዳግመኛ ቆሜ ልጄን ዳርሁ። ዳባቶች ያወጡልኝን «ተነቃሹ» የሚል ስም ግን ማስጣል አልቻልሁም፤ የልጅ ልጆቼ እንኳ ያውቁታል።