ለእሑድ ጫማ የተሠራ እግር

ኢላይቲያ በሪዋ ወንዝ ዳር የሚኖር ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሲነዳ አንዲት ጎማ ጥቂት ብታዘም ገና መሪው ላይ ይታወቀው ነበር። ስኳር በሽታ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ሲወስድበትም፣ «ጎማ ሲፈነዳ ተጠባባቂ ይታሰራል» ብሎ ቀለደ።

ተጠባባቂውን ሰው ሠራሽ እግር የሠራችለት ሱቫ ከተማ ያለች ሻርዳ የምትባል ባለሙያ ናት። ለልኩ የሄደ ዕለት ግን ጌታው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያወጣትን ባለ ረጅም ታኮ ጥቁር ጫማ ተጫምቶ ነበር።

«አባባ፣ ዘወትር የሚያደርጉት ጫማ ይኸ ነው?»

«ይኸው ነው፣ ልጄ» አለ። ዘወትርስ በባዶ እግሩ ነበር የሚሄደው።

«እዚህ ጋ ስጫንዎት ያምዎታል?»

«ኧረ ምንም!» እንባው ዓይኑ ጥግ ደርሶ ተመለሰ።

እርሷም ቃሉን አምና እግሩን በታኮው ልክ አቃናችው። ኢላይቲያ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደ ቤቱ ደረሰ፤ ደጃፉ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ ሰሌኑን ረገጠ። ታኮው ከሥሩ ሲጠፋ አዲሱ እግር ወደ ኋላ አዘመመ፤ እርሱም ሚስቱ መረዋለሲ ልጣ ያስቀመጠችው የካሳቫ ገበቴ ውስጥ ዘጭ!

«አንተ ሰውዬ፣ ገና እኮ አልበሰለም!» አለች፤ ሳቋ ጎረቤት ተሰማ።

ታናሽ ወንድሙ ቪሊሞኔ ግን አልሳቀም። ከዐሥር ቀን በኋላ ለልጁ ሚስት ሊጠየቅለት ነው። በአገሩ ልማድ ለልመና የሚሰጠውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ፣ በባዶ እግሩ ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ለልጅቷ ወገኖች የሚያቀርበው ደግሞ የቤቱ ታላቅ፣ ኢላይቲያ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ላቅርበው ግድ የለም። ጥርሱን ታቅፈህ አማቾቻችን ላይ ብትዘረጋ፣ ልጅቷን ይሰጡናል ወይስ ቃሬዛ?»

ቃሉ ከውድቀቱ ይልቅ አመመው። ያባቱን ቦታ ለታናሽ ሊለቅ ነው!

«ሴትዮዋን ዋሽተሃታል አይደል?» አለች መረዋለሲ።

«ትንሽ።»

«አውቶቡስህን ለመካኒክ ስትሰጥ ጤነኛ ነው ትለው ነበር?»

በማግሥቱ ሻርዳ ዘንድ ሄዶ፣ ካሳቫውን ሳይቀር ተናዘዘ።

«እግር የምሠራው ለእርስዎ ነው ወይስ ለጫማዎ?» አለችና በመፍቻ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያሉትን ብሎኖች እግሩ ያለ ታኮ ቀጥ እንዲል አዞረች። ከጉልበቱ በታች በቀረው ጉማጅ ላይ የቀላውን ቦታ አይታም፣ ጉማጁ የሚገባበትን ፕላስቲክ አሙቃ አጥንቱ የሚነካበትን ለጠጠችው፤ ክብደቱ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ባለው ጅማት ላይ እንዲያርፍ።

«አሁንስ ያምዎታል?»

«እዚህ ጋ ያመኛል፤ እዚህም ጥቂት፤ እዚያ ደግሞ…»

«አሁንማ አፍዎ ተከፈተ!»

የልመናው ቀን የልጅቷ ወገኖች እስኪሰበሰቡ ጥላ ሥር ብዙ አስጠበቋቸው። ሲውል ጉማጅ ይሟሽሻል፤ እግሩ ላልቶ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። ሲላላ ጉማጁ ላይ ካልሲ ይደርቡበት ብላዋለች ሻርዳ። ግን አማት ፊት ማን እግሩን ያወልቃል?

«ጋሼ፣ አምጣው» አለ ቪሊሞኔ እጁን ዘርግቶ።

ኢላይቲያ ጥርሱን ሊያቀብለው እጁን ሰደድ አደረገ፤ ከዚያ መለሰው። የልጅቷ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አለና ሽርጡን ሰብስቦ እግሩን አወለቀ።

«ምን ሆነ ሰውየው?» አሉ የልጅቷ አያት ከውስጥ።

«ይቅርታ አባቴ፤ ጫማህን አውልቅ ሲሉኝ ጊዜ ከነእግሬ መስሎኝ ነው።»

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እርሱም ካልሲውን ደርቦ እግሩን አጠለቀ፤ ጎንበስ ብሎም ሰሌኑን ረገጠ። እግሩ አላዘመመም፣ አልጮኸም። ሽማግሌው ፊት ደርሶ ግራ እግሩን በእጁ አጥፎ ተቀመጠና ጥርሱን በሁለት እጁ አቅርቦ ያባቶቹን ቃል ተናገረ።

ሽማግሌው ጥርሱን ተቀብለው ትንሽ አዩት።

«ተቀብለናል» አሉ። «በሉ የክብር መጠጣችን ያንጎናው ይበጥበጥና እንጠጣ፤ ይኸ ሰው ሌላ ነገር ሳያወልቅብን!»