ባሕር አማረን ያሉኝ ጓደኞቼ

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ፍሎሪዳ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው። እኔ ላስ ቬጋስ በረሃ ውስጥ ስነድ ከርሜ በየዓመቱ አንድ ሳምንት እሷ ዘንድ አርፋለሁ። ዓሣ ጠብሳ ታበላኛለች፣ ዋና ስለማልችል ትስቅብኛለች፤ እኔም እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ። ከዚያ የተሻለ ዕረፍት አላውቅም።

ዘንድሮ አውሎ ነፋስ ከመታቸው በኋላ ሦስት ቀን ስልኳ አልሠራም። በአራተኛው ቀን ባሏ ደወለ።

«ደህና ነን። ባሕሩ ግቢ ድረስ ገብቶ ነበር፤ መቀመጫ ወንበር እንኳ አላስቀረልንም። የእሷም ስልክ ውሃ ገብቶበት ነው። ሲመችህ ብቅ በል።»

«ታዲያ ጋሼ፣ በእርስዎ ስልክ ያገናኙኝ» አልኩ።

«ተኝታለች።»

ማታም ደወልኩ። አሁንም ተኝታለች። እህቴ ቀን ጋደም የማትል፣ ማታም ከሁሉ በኋላ የምትተኛ ሴት ናት።

በማግስቱ ሁለት ጓደኞቼ ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ያለው አፓርታማዬ መጡ። ሁለቱም እንደኔ ካዚኖ የሚሠሩ፣ የታወቁ የኦቨርታይም አርበኞች ናቸው። አንደኛው ሚስቱ ስትወልድ እንኳ ሺፍቱን ጨርሶ ነው ሆስፒታል የሄደው።

«አብረንህ እንሂድ፤ ባሕር ማየት አማረን» አሉኝ።

«ሺፍታችሁስ?»

«ስዊች አድርገናል» አለ አንዱ፣ ጫማውን እያየ። የእኔን ትኬት ጭምር ቆርጠዋል።

ልቤ ድንግጥ አለ። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በአካል ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው ደህና ነው። አምና ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር የሚኖር ባልንጀራችን አባቱ ሲሞቱ ሦስት ቀን ሙሉ «ደህና ናቸው» ስለው ሰንብቼ፣ በአራተኛው ማለዳ በሩን አንኳኳሁ። ፊቴን ሳልለውጥ መዋሸት እንደምችል ያን ጊዜ አወቅሁ። እነዚህ ሁለቱም አብረውኝ ነበሩ። እነሱ ግን አይችሉበትም።

ልጠይቃቸው እችል ነበር። ፈራሁ። እስካልጠየቅሁ ድረስ እህቴ አልሞተችም።

ፍሎሪዳ ደርሰን፣ መኪና ተከራይተን በባሕሩ ዳር መንገድ ስንነዳ አካባቢውን መለየት አቃተኝ። እህቴ አይስክሬም የምትገዛልኝ ሱቅ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። አንድ ጀልባ አስፋልቱ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ዘንባባዎቹ ጫፋቸው ተቆርጧል፤ አየሩ የሞተ ዓሣ ይሸታል። ባሕሩ ምንም እንዳላደረገ ረግቶ ተኝቷል። ጠላሁት።

እህቴ ቤት ለመድረስ አሥር ደቂቃ ሲቀረን የሚነዳው ጓደኛዬ ወደ አንድ ሆቴል ታጠፈ። ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው።

«ዛሬ ደክሞሃል። በማለዳ ብንሄድ ይሻላል» አለኝ።

በማለዳ። ሻንጣዬን አወረድኩ። እራት ላይ ሌላኛው «ብላ እንጂ፣ ጉልበት ያስፈልግሃል» አለና ራሱ ደነገጠ። እንዳላሳፍረው ብዬ በላሁ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። መታጠፊያውን ስናልፍ ቤቱ ታየኝ። ጣሪያው በግማሽ የለም፣ አጥሩ የለም። ግቢው ውስጥ ግን ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች መኪናችንን ሲያዩ አንድ በአንድ ተነሱ።

«ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት ጓደኛዬን። «ገና አልነገራችሁኝም።»