የኪክዊቱ ሙት አስነሺ

በኮንጎዋ ኪክዊት ከተማ የትግል ግጥሚያ ነገር ከተነሳ ፓፓ ሙንጌሌን ሳይጠራ የሚያልፍ የለም። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ ኪንሻሳ ላይ አንድ ግጥሚያ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። ተመልሶ በሳንቃና በአሮጌ ፍራሽ መድረክ ሠራ፤ ታጋዮቹንም ከወንዙ ወደብ ተሸካሚዎች መለመለ። በግጥሚያው ዋዜማ መኪና ጣሪያ ላይ ያቆማቸውና መለከት እያስነፋ፣ ባዶ የሬሳ ሣጥን እያስከተለ በየሰፈሩ ያዞራቸዋል።

ሰውን የሚያጎርፈው ግን ጡንቻቸው ሳይሆን አስማቱ ነበር። አንዱ ታጋይ እንቁላል ሰብሮ ድግምት ይደግማል፤ ሌላው እንደ ግንድ ይወድቅና "ሞተ!" ተብሎ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ያኔ ሙንጌሌ ራሱ ብቅ ብሎ ነጭ አፈር ይነፋበታል፣ ስሙን ይጠራል፣ ሙቱም ዘሎ ይነሳል። ጓሮ ውስጥ እንደሚለማመዱት ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የሙያው ሕግ ነዋ!

ከታጋዮቹ መሃል እንደ ኪፑካ መሞት የሚያውቅበት አልነበረም። ባለፈው እሁድ ግን ተራው ሳይደርስ ወደቀ።

"ፓፓ፣ እንቁላሉን ገና አልሰበርኩም እኮ" አለ ባላጋራው በሹክሹክታ።

"ቸኩሎ ነው፤ ዝም ብለህ ቀጥል።"

ሙንጌሌ ለሙዚቀኞቹ ምልክት ሰጠ፤ ሣጥኑም መጣ። አንዲት ሴትዮ "ዛሬስ አሳምሮ ሞተ!" ብላ ጎረቤቶቿን አሳቀች። ሙንጌሌ አፈሩን ነፍቶ ስሙን ጠራ። ደግሞ ጠራ። ሕዝቡ አዲስ ጨዋታ መስሎት ጭብጨባውን አቀለጠው።

ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሐኪም ቤት ቶሎ ቢደርስ ይተርፍ እንደሆነ ሙንጌሌ አልጠየቀም። ከዚያ ወዲያ ምንም ነገር አይሰማውም። ፉፉ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ እጅ ሲዘረጉለት ይጨብጣል። ማልቀስ እንዳለበት ያውቃል፣ ከየት እንደሚጀመር ግን ጠፋው።

ልቅሶ ቤት ሲገባ የኪፑካ እናት ማማ ካሱኩ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች። እሷም አታለቅስም። ነጭ አፈር በሳህን አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር።

"መጣህ ልጄ? በል አስነሳልኝ።"

"ማማ፣ እሱ እኮ... ጨዋታ ነው። ጓሮ ውስጥ ነበር የምንለማመደው።"

"ሂድ ወዲያ! ይሄን ለማያውቅህ ንገር። በዓይኔ በብረቱ አይቼ! ስንቴ አስነሳኸው? ለኔ ሲሆን ነው የከበደህ?"

አልቃሾቹ ወደ እሱ ዞሩ። ሙንጌሌ ዕድሜውን ሙሉ ሰው እንዲያምነው ሲለፋ ኖሯል፤ አሁን አትመኑኝ የሚልበት ቃል አጣ። ከሳህኑ ዘግኖ ነፋ።

"ኪፑካ" አለ።

ማማ ካሱኩ ወደ ልጇ ፊት ጎንበስ ብላ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ቀና አለች።

"ጮክ በል እንጂ ልጄ" አለችው። "እዛ ሜዳ ላይ እንዲህ ነበር የምትጠራው?"